ከሆሳዕና የምጠብቀው አልበም

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በደቡብ ሎስ አንጀለስ፣ ክሬንሾ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ጫማ ይጠርግ ነበር። ሒሳቡ 2.50 ዶላር ነበር። ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ሲሆን ለራሱ የቆረጠው ግብ በቀን 100 ጫማ መጥረግ ነበር። አባቱ ከኤርትራ የሄዱ ስደተኛ፣ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ስሙ ኤርምያስ አስገዶም ይባላል። ዓለም ኋላ ላይ ያወቀው ግን ኒፕሲ ሀስል በሚለው የመድረክ ስሙ ነው።

ይህን ታሪክ ለአሜሪካ አንባቢ የሚጽፍ ሰው ልጅ ጫማ እየጠረገ መኖር ምን እንደሆነ ማስረዳት ይኖርበታል። ለሆሳዕና፣ ለዱራሜ፣ ለሾኔ ወይም ለዶዮገና ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከእነዚህ ከተሞችና ከዙሪያቸው ካሉት ቀበሌዎች የሊስትሮ ሣጥን ሊይዝ፣ ሎተሪ ሊያዞር ወይም ሸክም ሊሸከም አዲስ አበባ የገባ ልጅ የሌለበት ቤተ ዘመድ ማግኘት ይቸግራል። እናም ስለ ጎዳና ሕይወት የተሠራ አንድ የጋንግስታ ራፕ አልበም ከሆሳዕና ሆኖ ሲደመጥ ሎስ አንጀለስ ካለው አድማጭ ጆሮ የተለየ ነገር ይሰማል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ የተለየ ነገር ነው፤ ከዚህም ስለምጠብቀው አልበም።

ኒፕሲ ሀስል “ቪክትሪ ላፕ” የተባለውን አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2018፣ በ32 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ሚክስቴፕ (በራስ የሚለቀቅ የዘፈን ስብስብ) እየሠራ፣ ስሎሰንና ክሬንሾ ጎዳናዎች በሚገናኙበት የመኪና ማቆሚያ ላይ ከመኪና የኋላ ኮፈን እያወጣ ሲሸጥ ኖሯል። አልበሙ 16 ዘፈኖች አሉት። በወጣበት ሳምንት በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ 4ኛ ሆኖ ገባ፤ በዓመቱም ለግራሚ የምርጥ ራፕ አልበም ሽልማት ታጨ። ከዘፈኖቹ አንዱ ስሙን ያገኘው ከሰማያዊ የጫማ ማሰሪያ ነው። ሰማያዊ፣ ልጁ በአፍላ ዕድሜው የተቀላቀለው የክሪፕስ የሰፈር ቡድን ቀለም ነው። ማሰሪያውን ማየት ለሰፈሩ ልጅ መታወቂያ ከማየት እኩል ነበር፤ በተሳሳተ ጎዳና ላይ ደግሞ ያስገድላል።

አልበሙን ሃርድኮር፣ ማለትም የከረረ፣ የሚያሰኘው የጥይቱ ብዛት ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። እኔ ደጋግሜ ስሰማው የያዘኝ ሌላ ነው፤ ዝርዝሩ። ጎዳናዎቹ በስማቸው ይጠራሉ። ዕቃ የሚሸጥበት ጥግ፣ ፖሊስ የሚቆምበት ጥግ፣ የታሰረው ጓደኛ፣ የተቀበረው ጓደኛ፣ የገባው ገንዘብና የወጣው ገንዘብ ሁሉ ቦታ ቦታ አላቸው። ዘፋኙ ስለ ድህነት በጥቅሉ አያላዝንም። በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ ዳር፣ ከማን ጋር እንደነበር ይናገራል። እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ነው፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ሰውን ካልጠራ ቃሉ ሚዛን እንደማይደፋ ያውቃል።

ይህ የዘፈን ዓይነት እንዲሁ ከሜዳ አልበቀለም። በደቡብ ሎስ አንጀለስና በአጠገቧ ባሉት ከተሞች የሚኖሩ ጥቁሮች በጎማና በመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ደመወዝ ያገኙ ነበር። የፋየርስቶን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በ1982 ተዘጉ። ከዚያ ክራክ የተባለው ርካሽ ኮኬይን ገባ፤ ሥራ ያጣው ወጣት ሻጭም ተጠቃሚም ሆነ። ፖሊስ በ1988 አንድ ሳምንት መጨረሻ ብቻ ከ1,400 በላይ ሰው አፍሶ አሰረ። በዚያው ዓመት ኤን ደብልዩ ኤ የተባለው ቡድን ኮምፕተን የምትባለውን ከተማውን በስሟ የጠራበትን አልበም አወጣ። አልበሙ ውስጥ ያለው ፖሊስን የሚያወግዝ ዘፈን ኤፍ ቢ አይን አስቆጥቶ፣ ለአሳታሚው ኩባንያ የተቃውሞ ደብዳቤ እስከ ማስጻፍ ደረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ የደበደቡት ፖሊሶች በነጻ ሲለቀቁ ከተማዋ ነደደች፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዘፈኑ የተናገረውን ያልሰሙት ሹማምንት እሳቱን ሲያዩ ደነገጡ።

“ራስን ማጀገንና ጠላትን ማዋረድ የባዕድ ዘፈን ነው” የሚል ሰው እኛም አገር አለ። ቀረርቶና ፉከራ የት ሄዱ? አያቶቻችን ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ጠመንጃቸውን በስሙ እየጠሩ፣ የጣሉትን ጠላት እየቆጠሩ በሠርግና በግብር መሐል ሲንጎራደዱ ማንም “ወንጀል እየሰበካችሁ ነው” አላላቸውም። ልዩነቱ የፉካሪው ጀግንነት በአገርና በሹም ፊት የተፈቀደ መሆኑ ነው። የጎዳናው ልጅ ፉከራ ፈቃድ የለውም። ደራሲው ስብሐት ገብረእግዚአብሔር የአዲስ አበባዋን የውቤ በረሃን ሌሊት በራሷ በውቤ በረሃ አነጋገር ሲጽፍ የገጠመው ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ጽሑፉ ሳይታተም ለረጅም ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። ገመናን ባለበት መልኩ የሚናገር ሥራ ምንጊዜም መጀመሪያ የሚያገኘው ቁጣ ነው።

ወደ እኛው ጎዳና ልምጣ።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ናት። ፎቆቿ በፍጥነት በዝተዋል፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ባጃጁ ከመናኸሪያው እስከ ስታዲየሙ ይርመሰመሳል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ግን ሌላ ሒሳብ ይጀምራል። ሀድያና ከምባታ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው። አባት ለአምስት ወንድ ልጅ የሚያካፍለው መሬት ከእንሰቱ ጓሮ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ አንዱ ይማራል፣ አንዱ ጓሮውን ይይዛል፣ የቀሩት ይወጣሉ። የአካባቢው ጎዳና የሚጀምረው እዚህ ነው፤ መሬቱ ሲያልቅ።

የጎዳናው የመጀመሪያ ክፍል አዲስ አበባ ነው። ልጁ ከአገሩ ልጆች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተደራርቦ ያድራል፤ ዕቁብ ይጥላል፤ ለእናቱ ይልካል። ሣጥን፣ ብሩሽ፣ ቀለም፣ ጨርቅና ውሃ የያዘ ጣሳ ንብረቱ ናቸው። “ጋሼ፣ ይጠረግ?” ብሎ ይጀምራል። ደንበኛው እግር እንዲቀይር ሲፈልግ ደግሞ አፍ አያወጣም፤ ሣጥኑን በብሩሹ ጀርባ ጠቅ ያደርገዋል። ያን ድምፅ ፒያሳም፣ መርካቶም፣ ቦሌም ያልሰማ የለም። የሙዚቃ አቀናባሪ ብሆን የአልበሙን ከበሮ ከዚያ ነበር የምጀምረው።

የዚህ ልጅ ጠላት እንደ ክሬንሾው ልጅ ሌላ ቀለም የለበሰ የሰፈር ቡድን አይደለም። ደንብ አስከባሪው ነው። “ቦታው የእኔ ነው” የሚለው ጠና ያለ ልጅ ነው። ማታ መንገድ ላይ ጠብቆ የቀኑን የሚቀማው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሕጉ ራሱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 384፣ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውንና መንገድ ዳር የሚውለውን ወጣት ወንጀለኛ ሊያደርገው የሚችል ሕግ ነበር፤ በዋስ መውጣትንም ከልክሏል። “አደገኛ ቦዘኔ” የሚለው ስም በዚያ ዘመን በየሰፈሩ ወጣቱን አንገት ያስደፋ ነበር። እዚያ ላይ የኮምፕተንን ቁጣ ለመረዳት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም።

ሌላው ቁስል አነጋገሩ ነው። ከሀድያ ወይም ከከምባታ የመጣ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ መጀመሪያ የሚማረው ትምህርት አማርኛውን መደበቅ ነው። በከተማው ቀልድ ውስጥ የደቡብ ሰው አነጋገር ለዓመታት መሳቂያ ሆኖ ኖሯል፤ መድረክ ላይ የወጣ ቀልደኛ ሳቅ ሲያጣ የሚመዘው የሊስትሮን ወይም የሎተሪ አዟሪን አማርኛ ነው። ልጁ ስለዚህ አራዳ መምሰልን ይለምዳል፤ ባለሱቁ “የየት አገር ልጅ ነህ?” ሲለው መንደሩን ሳይሆን ያደረበትን ሰፈር ይጠራል። የጋንግስታ ራፕ ትልቁ ድል በዚህ ረገድ ነው። የኮምፕተን ልጅ በኮምፕተን አነጋገር፣ የሂውስተኑም በሂውስተን አነጋገር ዘፈነና ዓለም ሊሰማው ጆሮውን አቀና። በሀድይኛና በከምባትኛ ቃና የተቃኘ አማርኛ፣ ከሀድይኛውና ከከምባትኛው ጋር እየተፈራረቀ፣ ሳያፍር ማይክ ፊት ሲቆም መስማት እፈልጋለሁ።

የጎዳናው ሁለተኛ ክፍል ረጅም ነው፤ ከኢትዮጵያም ይወጣል። በሞያሌ አድርጎ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ ወይም በዛምቢያ፣ በሞዛምቢክ ወይም በዚምባብዌ አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል። ደቡብ አፍሪካ ካሉት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ከሀድያና ከከምባታ አካባቢ መሆናቸውን የስደት ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ደረጀ ፈይሳ የሀድያን ስደት ሲያጠና ከድህነት ሌላ ሁለት ነገሮችን ደጋግሞ አንሥቷል፤ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አምባሳደር ወደ ደቡብ አፍሪካ መሾሙንና እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የውጭ አገር ወንጌላዊ ሆሳዕና ላይ የደቡቡ በር እንደሚከፈት መተንበዩን። የስደቱ መንገድ በመንፈሳዊ ተስፋ ጭምር የተጠረገ መሆኑ ይህን ጎዳና ከሌላው ዓለም ጎዳና የሚለየው ይመስለኛል። ደላላው የሚያስከፍለው ገንዘብ በመሬት ሽያጭ፣ በከብት ሽያጭና በዘመድ ብድር ይሰበሰባል፤ መንገደኛው ደግሞ በጸሎት ይሸኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዜና እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። በዲሴምበር 2022 ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በ2012 ታንዛኒያ ዶዶማ ላይ ከ40 በላይ ሰዎች በተመሳሳይ መኪና ውስጥ አልቀዋል። ቁጥሩን ሬዲዮ ይናገራል፤ ከዚያም ስለ ሌላ ጉዳይ ያወራል። በሆሳዕና መንደሮች ግን ስልክ እስኪደወል ድረስ የሚጠብቅ፣ ተቀባሪው በሌለበት ድንኳን የሚጥል ቤተሰብ አለ። ይህን የሚሸከም የዜማ ቅርጽ ያስፈልጋል፤ የሙሾው ሐዘን ብቻ አይበቃውም። ደላላውን በግብሩ የሚያጋልጥ፣ ዋጋውን የሚቆጥር፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን ጨለማ ደቂቃ በደቂቃ የሚተርክ ሊሆን ይገባል። ይህን ደግሞ ከራፕ የበለጠ የሚችለው የዘፈን ዓይነት አላውቅም፤ በአንድ ዘፈን ውስጥ ብዙ ቃል የሚያስገባ፣ ለትረካ የተሠራ ነውና።

የደረሰውስ? ጆሃንስበርግ መሀል ጄፒ በሚባለው የኢትዮጵያውያን የንግድ ሰፈር ዕቃ ይረከባል። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ልብስ ተሸክሞ “ሎኬሽን” ብለው ወደሚጠሩት የጥቁሮች መኖሪያ ይወጣል፤ በየቤቱ እያንኳኳ በዱቤ ይሸጣል፤ ወር ሲደርስ ሊሰበስብ ይመለሳል። ሲያድግ ትንሽ ሱቅ ይከፍታል፤ በሱቁ ውስጥ ተቆልፎ ያድራል። በፍርግርጉ በኩል ዳቦና ሲጋራ ያቀብላል፤ በዚያው ፍርግርግ በኩል ሽጉጥ ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 የውጭ ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት 62 ሰዎች ሲገደሉ፣ በ2015ና በ2019 ሲደገም፣ ሆሳዕና ሌሊቱን ስልክ ይዛ አድራለች። ልብ በሉ፤ ይህ ልጅ ከሊስትሮ ሣጥን ተነሥቶ ጋንግስታ ራፕ የሚወራለት ዓይነት ሰፈር ውስጥ፣ እውነተኛ ሽጉጥ ፊት ቆሟል። ከዚያ በሚልከው ገንዘብ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ይቆማል። ከፎቁ ሥር የሚሄደው ታናሹ ጆሮው ላይ የሰካው ግን የሌላ አገር ልጅ ታሪክ ነው።

የአማርኛ ራፕ የለም ማለቴ አይደለም። ቴዲ ዮ በ“ጉራጌ ቶን” የጉራጌን ምት ከሂፕ ሆፕ ጋር አጋብቶ ሲመጣ የአገር ምት የራፕ አጥንት ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ልጅ ሚካኤል ሰፊ አድማጭ አፍርቷል፤ ካስማሰ ደግሞ ቋንቋን የሚያከብር፣ የሚያስብ ራፐር ነው። ነገር ግን ከእነሱ በታች በየስቱዲዮው የሚሠራው አብዛኛው “የጎዳና” ራፕ ትከሻውን የተዋሰ ሆኖ ይሰማኛል። ሰንሰለቱ አለ፣ የተከራየው መኪና አለ፣ ጣት የሚቀስር ልጅ አለ፤ ጎዳናው የለም። የትኛው ሰፈር እንደሆነ አይታወቅም። የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንዳሳደደው፣ ምን በልቶ እንዳደረ አይነገርም። ማስፈራራቱ ተቀድቷል፣ ምስክርነቱ ቀርቷል። ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ ልጅ ስለ ጠመንጃ ሲዘፍን በደቡቡ መንገድ ያለፈው ልጅ ዝም ብሎ ይሰማዋል፤ የሚነገር ታሪክ ያለው ዝም ያለው ነው።

ለምን ዝም አለ? በሀድያና በከምባታ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነው። በቃለ ሕይወት፣ በመካነ ኢየሱስና በሙሉ ወንጌል አዳራሾች ኪቦርድ መምታት፣ ድምፅ ማውጣት፣ ማይክ መያዝ የተማሩ ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው። በአካባቢው ቋንቋዎች የሚቀረጸው ሙዚቃ ትልቁ ክፍልም መዝሙር ነው። ከዚህ ቤት ወጥቶ “ዓለማዊ” መዝፈን ብቻውን መለያየት ያመጣል፤ ስድብ ያለበት ራፕማ ጭራሽ አይታሰብም። ወላጆችና አገልጋዮች የሚሉትን እረዳለሁ። ልጃቸው ከመንገድ እንዲድን ሲጸልዩ መንገዱን የሚያወድስ ዘፈን ይዞ ቢመጣ ሊደሰቱ አይችሉም።

ነገር ግን ሁለት ነገር እንዲያስቡ እለምናቸዋለሁ። አንደኛው ከሩቅ የመጣ ነው። ከጋንግስታ ራፕ ስመ ጥር ልጆች መካከል ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የዞሩ አሉ። ስኑፕ ዶግ እ.ኤ.አ. በ1993 በጎዳና አልበም ዓለምን ያስደነገጠ ሰው ነው፤ “ቪክትሪ ላፕ” ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ፣ በማርች 2018፣ ሙሉ የወንጌል መዝሙር አልበም አወጣ። ሁለቱ ቤቶች እንደሚታሰበው ግንብ የለያቸው አይደሉም።

ሁለተኛው ከዚሁ ከደጃችን ነው፤ ለእኔ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት ከምባታ ውስጥ ስትመሠርት የሴት ልጅ ግርዛት የማይነገር ነገር ነበር። በእናቶች መካከል እንኳ በሹክሹክታ ነው። እሷ የያዘችው መንገድ ሕዝቡን አስቀምጦ ማነጋገር ነበር፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሴቱ፣ ቄሱና ፓስተሩ ባሉበት፣ ያን ነገር በስሙ ጠርቶ፣ ምን እንደሚቆረጥና ምን እንደሚያስከትል በግልጽ መናገር። ብዙዎች ነውር አሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ፣ በኩራት ተዳሩ፤ ልማዱም በከምባታ እጅግ ቀነሰ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አረፈች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ከምባታ በሥራ አይታዋለች። እንግዲህ ስለ ደላላው፣ ስለ ኮንቴይነሩ፣ መንገድ ላይ ስለሚደፈሩት ልጆች በግልጽ ቃል ቢነገር ከዚያ የበለጠ ነውር ይሆናል?

ይህን ስል የጋንግስታ ራፕን ኃጢአት ልሸፍን አልፈልግም። በሴት ላይ ያለው ንቀት ከባድ ነው፤ “ቪክትሪ ላፕ”ም ከዚህ ነጻ አይደለም። ሴት በአብዛኛው የምትታየው እንደ ሽልማት ወይም እንደ ወጥመድ ነው። ከከምባታና ከሀድያ ብንነሣ ይህ ስድብ ብቻ ሳይሆን ውሸትም ይሆናል፤ የጎዳናው ግማሽ ታሪክ የሴቶች ነውና። በ13 ዓመቷ በደላላ ተወስዳ አዲስ አበባ ሰው ቤት የተቀጠረችው፣ ከዚያ ቤሩት ወይም ሪያድ የሄደችው፣ ፓስፖርቷ የተቀማባት፣ ባሏ ጆሃንስበርግ የቀረባት። የምጠብቀው አልበም ላይ ከዘፈኖቹ ብዙዎቹን ሴት ራፐር ብትይዛቸው ደስ ይለኛል፤ እንደ እንግዳ ድምፅ በአንድ ዘፈን መጨረሻ ላይ ሳይሆን ባለቤት ሆና።

ሌላው ኃጢአት ቡድንን ማምለክ ነው። ኒፕሲ የሰፈሩን ቡድን አልካደም፤ ሰፈሩን ግን ለመለወጥ ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሚክስቴፕ የሸጠበት አካባቢ ላይ የልብስ መደብር ከፈተ። በ2018 ለሰፈሩ ወጣቶች የሥራና የሥልጠና ማዕከል አቋቋመ። በ2019 ከሸሪኩ ጋር ሆኖ መደብሩ ያለበትን የገበያ ግቢ ገዛ። ማርች 31 ቀን 2019 በዚያው መደብር በር ላይ የሚያውቀው ሰው ተኩሶ ገደለው፤ 33 ዓመቱ ነበር። በማግሥቱ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ ኃላፊዎች ጋር ስለ ቡድን ግጭት ሊነጋገር ቀጠሮ ነበረው። ገዳዩ በ2022 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2023 ቢያንስ 60 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሞቱ ዘፈኑን ውሸት አላደረገውም። ነገር ግን የዚያ ቀለም ፍቅር የሚያስከፍለውን ለሚያደንቅ ወጣት ሁሉ ይህ ሊነገረው ይገባል። እኛ አገር ወጣትን በቡድን አሰልፎ የሚያጋጭ ስም አላነሰንም። የብሔር ቡድንተኝነት በከበሮ ተጅቦ እንዲመጣብን አልፈልግም፤ ሀድያንና ከምባታን፣ ወላይታንና ስልጤን በአንድ ጎዳና ያገናኛቸው ሣጥኑ ነው፤ ዘፈኑም ከዚያ ይጀምር።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልሂድ፤ ኒፕሲ ከማንም በላይ ያስተማረው እዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2010 ከትልቅ ኩባንያ ጋር የነበረውን ውል ትቶ በራሱ መሥራት ጀመረ። በ2013 “ክሬንሾ” የተባለውን ሚክስቴፕ በኢንተርኔት በነጻ ለቀቀ፤ የታተሙትን 1,000 ቅጂዎች ደግሞ እያንዳንዳቸውን በ100 ዶላር ሸጠ። ሰው ሳቀ። ቅጂዎቹ አለቁ፤ ራፐሩ ጄይ ዚ ብቻውን 100 ገዛ። “ቪክትሪ ላፕ”ን ሲያወጣ ከአትላንቲክ ኩባንያ ጋር የተዋዋለው የራሱን ኩባንያ ስም ከጎኑ አስቀምጦ ነው። ማስተሩን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ቅጂና የእሱን መብት፣ በእጁ መያዝን ከዘፈኑ እኩል አስቦበታል።

የእኛ ወጣት በዚህ ነጥብ ላይ በጣም ይጎዳል። ስቱዲዮ ለመግባት ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ያለው ሰው “እኔ ላሠራልህ” ይለዋል፤ ዘፈኑ ሲወጣ ዩቲዩቡም ገቢውም የሰውየው ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለዘፋኙም ለደራሲውም መብት ሰጥቷል፤ በ2007 ዓ.ም. ማሻሻያውም የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ ዘርግቷል። ሕጉን ማንበብ ለራፐር ከማቀናበር እኩል ሥራ ነው። በአንዲት ወረቀት ላይ “ሙሉ መብቴን ሸጫለሁ” ብሎ መፈረም የሊስትሮውን ሣጥን ከነብሩሹ አስረክቦ ባዶ እጅ መሄድ ነው።

እንዲህ ያለ አልበም ሊሠራ የሚችል ሰው ሆሳዕና ላይ አለ ብዬ አምናለሁ። ምናልባት አሁን መዘምራን ውስጥ ኪቦርድ ይመታል፤ ምናልባት ከሉሳካ እስር ቤት ተመልሶ ባጃጅ ይነዳል፤ ምናልባት ሪያድ ቆይታ የመጣች ልጅ ናት፤ ዱራሜ ላይ ቡና ታፈላለች። ትልቅ ኩባንያ መጠበቅ የለባቸውም። 1,000 ቅጂ ያትሙ፤ ዋጋውንም አያርክሱት። ከሆሳዕና መናኸሪያ፣ ከዱራሜ ገበያ፣ ከመርካቶ የሊስትሮ ረድፍ፣ ከጄፒ ሱቆች አንድ ሺህ ገዢ ይገኛል። አንዱን ቅጂ እኔ እገዛለሁ።